አረንጓዴዋ መብራት

ራስ አል ኸይማ ይሏታል፤ «ራስ» የሚል ማዕረግ ያላት፣
ነጋሪትም ፈረስም የሌላት።
ከኋላ ሣር የማያውቅ ተራራ፣ ከፊት ጨው የጠገበ ባሕር፣
በመሐል እኔ፤ የሁለት ዓመት ኮንትራት፣ የሰው ጓዳ፣ የሰው አገር።

የቤቱ ጌታ ዶክተር ኸልፋን ጋራዡ ውስጥ ነው የሚውለው፤
መኪናው ደጅ ፀሐይ ይመታዋል፣ ጥላው የማሽን ነው።
አያቱ ሉል ለቃሚ ነበሩ፤ አፍንጫቸውን በቀንድ ቆልፈው፣
እግራቸው ላይ ድንጋይ አስረው፣ ትንፋሻቸውን አምቀው
ይወርዱ ነበር። እሱ ደግሞ ከመስታወት ጋን አየር መጥጦ ያወጣል፤
«ያው የዘር ሙያ ነው፤ አየር የሌለበት ገብቶ ብርሃን መልቀም» ይላል።

የመጀመሪያ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ፣ «ፕላዝማ» ሲል በስልክ ሰማሁት፤
ሳቄ አመለጠኝ፣ ትሪው ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩን ደፋሁት።
እኔ የማውቃት ፕላዝማ የዘጠነኛ ክፍሏ ናት፤
ግድግዳ ላይ ተቸንክራ በእንግሊዝኛ የምትጋልብ፣ ልጓም የሌላት፣
ጠይቃን፣ አፋችንን ሳንከፍት መልሱን የምትነግረን፣
መብራት ሲጠፋ ከነቀመሯ የምትሰወር፣ በጨለማ ትታን።
በሰባራ ዓረብኛ አስረዳሁት። አልተቆጣም። በርጩማ ሳበልኝ፣
«ይቺኛዋ እስክትመልሺ ትጠብቃለች፤ ተቀመጪ» አለኝ።

ታሪኩን የሰማሁት ብሎን በማጥበቅ መሐል ነው፣ እየተቆራረጠ።
በወጣትነቱ ባሕር ማዶ፣ ፀሐይን በማግኔት ቀለበት ሊያስር ላይ ታች ሮጠ።
አሥራ አንድ ዓመት። ፀሐይዋ በዓይን ጥቅሻ ትወለዳለች፣
ግድግዳ ነክታ ትሞታለች።
በጀቱም እንደዚያው።
አገሩ ሲገባ ቢሮ ሰጡት፣ ማኅተም ሰጡት፣ ምንጣፍ አነጠፉለት፤
ፓምፕ ሲጠይቅ ግን ሳቁበት።
የመጀመሪያ ፈጠራው ለቴምር ነቀዝ ነበር፤ ነቀዙ ወፈረ፣ ቴምሩ መረረ።
ሁለተኛውን አንድ ኩባንያ ገዛና መሳቢያ ውስጥ ቀበረ።
ሚስቱ ሻማ፣ ስሟ በእኛ ቋንቋ እንደሚበራ የማታውቅም፣
«የመብራቱን ሒሳብ እንኳ ይተካልን» ትላለች፤ እሱ አይሰማም።

ሦስተኛው ቀዝቃዛው እሳት ነው። ከብዕር አፍ የሚወጣ ሐምራዊ ምላስ፣
እንደ ሲናው ቁጥቋጦ የሚነድ፣ የማያነድ፤ ቁስል የሚልስ።
ማን ያምነዋል? ካውያ የላጠውን ክንዴን ዘረጋሁለት።
የእሱን ካንዱራ ስተኩስ የነካኝ ነው፤ ይኼን አልነገርኩት።

ከመለኮሱ በፊት ሁልጊዜ «ዝግጁ?» ይላል፤ እኔም «ስንዱ።»
ስሜም መልሴም አንድ ነው።
«ስንዱ እመቤት» ከሚባለው
እናቴ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እመቤቱ ቀረ።
ትርጉሙን ከነገርኩት ወዲያ የራሱን ቃል ተወና
«ስንዱ?» ብቻ ይለኝ ጀመረ፤
ተጠርቼ ይሁን ተጠይቄ፣ ሳይለይልኝ ኖረ።

በዘጠነኛው ቀን አዲስ ቆዳ መጣ፤ ሮዝ፣ የሌላ ሰው የሚመስል።
ወረቀቱ ግን ስድስት ዓመት ወሰደ። የፈጠራ መብቱ የመጣ ለት
ጣቴን እያስኬድኩ ስሜን ፈለግኩበት፤
የእሱ አለ፣ የኩባንያው አለ፤
የእኔ፣ «አንዲት ታካሚ፣ ሴት፣ ቀኝ ክንድ» ይላል።

አሁን ኸልፋን አርጅቷል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎን አያስይዙትም።
ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ይዞ ይቆጥራል፤
አርባ ሳይሞላ ያስለዋል።

ማሽኗ ሆስፒታል ናት። ስኳር የበላው የዓሣ አጥማጅ እግር ፊት ትቆማለች።
ቀዩ ኃይል፣ ቢጫው ጋዝ፤
አረንጓዴዋ ስትበራ ነርሷ ትጀምራለች።
ከሥሯ በዓረብ ፊደል አራት ሆሄ ተጽፏል።
«ምን ማለት ነው?» አልኳት፣ የሻማን እናት ደግፌ ተራ ስጠብቅ።
«እንጃ፤ የፊዚክስ ቃል ይሆናል።»

ሳቄ መጣ። ዛሬ እጄ ላይ ትሪ የለም።
አረንጓዴዋ በራች።
አቤት፣ አልኩ በሆዴ።